ጆሴፍ ሊስተርና ለሦስት ዓመት ያልታጠቡት ክፍሎች፦ የአንድ ሐኪም የሕይወት ታሪክ ከእንስሳት ሆስፒታል አንጻር ሲታይ

በ1870 መጀመሪያ ላይ እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጆሴፍ ሊስተር «ላንሴት» በተሰኘው የሕክምና መጽሔት ያወጣው ጽሑፍ ለዛሬ አንባቢ ግራ የሚያጋባ ሐሳብ ይዟል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሊስተር በግላስጎው ሮያል ኢንፈርመሪ ይመራቸው የነበሩት ክፍሎች ቀድሞ ከሆስፒታሉ ሁሉ የከፉ እንደነበሩና በኋላ ግን የጤናማነት ምሳሌ እንደሆኑ ካስረዳ በኋላ፣ በየዓመቱ ይደረግላቸው የነበረው አጠቃላይ እጥበት ለሦስት ዓመት ተቋርጦ እንደቆየ ይገልጻል። ይህንንም የሚያቀርበው እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ማስረጃ ነው። ስለ ኢንፌክሽን ቁጥጥር በሚሰጥ ትምህርት ሁሉ ስሙ ቀድሞ የሚጠራው ሰው፣ ክፍሎቹ ሳይታጠቡ ሕሙማኑ መዳናቸውን በኩራት ጽፏል ማለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ መነሻ ይህ ግራ መጋባት ነው። ሊስተር በዚያ ጉዳይ አልተሳሳተም። ነገር ግን የእርሱ መደምደሚያ ከሰው የቀዶ ሕክምና ክፍል ወጥቶ እንዳለ ወደ እንስሳት ሆስፒታል ቢገባ ጉዳቱ ከባድ ይሆናል። ምክንያቱን ለመረዳት ሕይወቱን መከተል ይጠቅማል፤ የሊስተር ሕይወት ደግሞ በተለምዶ ከሚነገረው በላይ ከከብት፣ ከበረትና ከወተት ጋር የተያያዘ ነው።

ሊስተር በኤፕሪል 5 ቀን 1827 ከለንደን በስተምሥራቅ በምትገኘው አፕተን ተወለደ። ቤተሰቡ የኩዌከር እምነት ተከታይ ነበር። አባቱ ጆሴፍ ጃክሰን ሊስተር የወይን ጠጅ ነጋዴ ሲሆን፣ በትርፍ ጊዜው የማይክሮስኮፕን ሌንስ አሻሽሎ የምስሉን የቀለም መዛባት በማስወገዱ የሮያል ሶሳይቲ አባል ለመሆን የበቃ ሰው ነው። ልጁ በዓይን የማይታየውን ነገር መመርመር የለመደው በአባቱ ቤት ነበር። ኦክስፎርድና ካምብሪጅ በዚያ ዘመን የእንግሊዝን ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ለማይቀበሉ ሰዎች ዲግሪ ስለማይሰጡ ሊስተር የተማረው በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው፤ የሕክምና ዲግሪውንም በ1852 አገኘ። በማግስቱ ዓመት ወደ ኤዲንብራ ተሻግሮ በስመ ጥሩው ቀዶ ሐኪም በጄምስ ሳይም ሥር መሥራት ጀመረ። በ1856 የሳይምን ልጅ አግነስን አገባ፤ በዚሁ ጋብቻ ምክንያት የኩዌከሮችን ማኅበር ለቀቀ። ልጅ አልወለዱም። አግነስ ግን የቤት ውስጥ ቤተ ሙከራው ዋና ረዳት ሆነች፤ ሙከራዎቹ የተመዘገቡባቸው ደብተሮች በብዛት በእርሷ እጅ የተጻፉ ናቸው። የሳይንስ ታሪክ ጸሐፊዎች ለዚህች ሴት የሰጧት ቦታ ከሥራዋ ጋር አይመጣጠንም።

በኤዲንብራ ዘመኑ ያደረጋቸው ጥናቶች የማቃጠልና የደም መርጋት ጥናቶች ናቸው። የእንቁራሪት እግር ስስ ቆዳ በማይክሮስኮፕ ሥር ዘርግቶ የደም ሥሮች ለጉዳት የሚሰጡትን ምላሽ ተከታትሏል። ደም ከሰውነት ውጭ ለምን እንደሚረጋ ለማወቅም ከታረዱ በጎች የተቆረጡ እግሮችን ተጠቅሟል። ሰውነት የራሱን ጉዳት እንዴት እንደሚጠግን አስቀድሞ ስለተረዳ፣ በኋላ ቁስል ሲመረቅዝ ሲያይ መግሉን እንደ ተፈጥሯዊ የመዳን ደረጃ አልተቀበለውም። በዘመኑ ብዙዎች ይቀበሉት ነበር።

በ1860 የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ፤ በተከታዩ ዓመት የሆስፒታሉ ክፍሎች ተሰጡት። ማደንዘዣ ከተገኘ ገና አሥራ አምስት ዓመት ያህል ነው። ሕመም ስለተወገደ ሐኪሞች ረጅምና ጥልቅ ቀዶ ሕክምና መድፈር ጀምረው ነበር፤ ሕሙማኑ ግን ከቢላው ተርፈው በመግል፣ በጋንግሪንና በደም መመረዝ ያልቁ ነበር። የጊዜው ዋና ማብራሪያ ብክል አየር የሚለው ነው። ከግቢው ጉድጓድ፣ ከታማሚዎች ብዛትና ከግድግዳው የሚነሣ መጥፎ ሽታ ቁስሉን ይመርዘዋል ይባል ነበር። ፍሎረንስ ናይቲንጌል መስኮት ይከፈት፣ ወለል ይታጠብ፣ አልጋዎች ይራራቁ ስትል የተነሣችው ከዚህ እምነት ነው። የኤዲንብራው ጄምስ ያንግ ሲምፕሰን ደግሞ ትልልቅ ሆስፒታሎች ራሳቸው የሞት ምንጭ ናቸው ብሎ ይከራከር ነበር። እነዚህ ሰዎች ስለ ተሕዋስያን የነበራቸው ግንዛቤ ስሕተት ቢሆንም ያዘዙት ጽዳት ጠቃሚ ነበር። ሊስተር የተገላቢጦሹ ነው፤ የተሕዋስያንን ሚና በትክክል ተረዳ፣ ጽዳትን ግን በሁለተኛ ደረጃ አስቀመጠ።

በ1865 የግላስጎው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ቶማስ አንደርሰን የፈረንሳዊውን የሉዊ ፓስተርን የመፍላትና የመበስበስ ጥናቶች እንዲያነብ መራው። ፓስተር መበስበስን የሚያመጣው አየሩ ራሱ ሳይሆን አየሩ የተሸከማቸው ሕያዋን ረቂቅ አካላት መሆናቸውን አሳይቶ ነበር። ሊስተር ይህን ከቁስል ጋር አገናኘው። ቁስልን እንደ ፓስተር ብልቃጥ ማፍላት ስለማይቻል ግን ተሕዋስያኑን የሚገድል ኬሚካል መፈለግ ነበረበት።

ኬሚካሉን ያገኘው በከብት በኩል ነው። የካርላይል ከተማ የፍሳሽ ቆሻሻ ካርቦሊክ አሲድ፣ ማለትም ዛሬ ፌኖል የምንለው ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የሚወጣ ውሕድ፣ እየተጨመረበት ወደ ግጦሽ መሬት ይለቀቅ ነበር። ሊስተር እንዳነበበው ሽታው ከመጥፋቱም በላይ በዚያ መሬት ላይ የሚግጡትን ከብቶች ያጠቃ የነበረው የውስጥ ጥገኛ በሽታ ቀንሷል። የዘመናዊው ቀዶ ሕክምና ታላቅ ለውጥ መነሻው የሆስፒታል ሳይሆን የግጦሽ መሬት ወሬ መሆኑን የእንስሳት ሕክምና ተማሪዎች እምብዛም አይሰሙም።

ያ ዓመት ለእንግሊዝ ከብት የመከራ ዓመት ነበር። በ1865 ክረምት እኛ የደስታ በሽታ የምንለው ወረርሽኝ ለንደን ገብቶ በመላ አገሪቱ ተዛመተ። (ይኸው በሽታ ከሃያ ዓመት ጥቂት ዘግየት ብሎ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ የእርሻ በሬዎችን በመፍጀቱ ክፉ ቀን የተባለውን ረሀብ አባብሷል።) መንግሥት ባቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ውስጥ ኬሚስቶቹ ሮበርት አንገስ ስሚዝና ዊልያም ክሩክስ የማጽጃ ኬሚካሎችን መርምረው ካርቦሊክ አሲድን መርጠዋል፤ በረቶችም እንዲታጠቡበትና እንዲታጠኑበት ተመክሯል። ወረርሽኙን በመጨረሻ ያቆመው ግን ኬሚካሉ አልነበረም። ከ1866 ጀምሮ በሕግ የተደገፈው የታመሙትን የማረድና የከብት ዝውውርን የማገድ እርምጃ ነው። የደስታ በሽታ ቫይረስ ከእንስሳው ሰውነት ውጭ ብዙ አይቆይም፤ የሚተላለፈው በዋናነት ታማሚው ከጤነኛው ጋር በቅርብ ሲገናኝ ነው። ስለዚህ ግድግዳ የቱንም ያህል ቢታጠብ መንገዱ አይዘጋም። አንድ ዓይነት ኬሚካል በአንድ ዓይነት ዘመን ለቁስል ሠርቶ ለደስታ በሽታ ሳይሠራ የቀረው በኬሚካሉ ድክመት ሳይሆን የበሽታው መንገድ ስለሚለያይ ነው።

ኦገስት 12 ቀን 1865 ጄምስ ግሪንሊስ የተባለ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ጋሪ ሄዶበት ቅልጥሙ ተሰብሮ ወደ ሊስተር ክፍል መጣ። አጥንቱ የተሰበረበት ቦታ ቆዳው ተቀዶ ክፍት ነበር፤ እንዲህ ያለ ስብራት በዚያ ዘመን ብዙ ጊዜ እግር ያስቆርጣል ወይም ይገድላል። ሊስተር በካርቦሊክ አሲድ የተነከረ ጨርቅ በቁስሉ ላይ አድርጎ ለአራት ቀን ሳይነካው ተወው። ሲከፈት መግል አልነበረም። ከስድስት ሳምንት በኋላ አጥንቱ ገጠመ። (ከዚህ ሕክምና በማግስቱ፣ ኦገስት 13፣ የእጅ መታጠብን ጥቅም በቪየና ቀድሞ ያሳየው ኢግናዝ ሰመልዌይስ ሰሚ አጥቶ በአእምሮ ሕሙማን ተቋም ውስጥ ሞተ። ሊስተር በዚያን ጊዜ ስለ እርሱ አያውቅም ነበር።)

ሊስተር በ1867 ያሳተመው ሪፖርት አሥራ አንድ የክፍት ስብራት ታማሚዎችን የያዘ ሲሆን ዘጠኙ እግራቸውንም ሕይወታቸውንም አትርፈዋል። ከእግርና እጅ ቆረጣ የተገኘው ቁጥርም የታወቀ ነው። በ1864 እና በ1866 ከ35 ታማሚዎች 16 ሲሞቱ፣ ከ1867 እስከ 1869 ከ40 ታማሚዎች የሞቱት 6 ናቸው። የንጽጽር ቡድን የሌለው፣ ቁጥሩም ትንሽ የሆነ ጥናት መሆኑን የዛሬ ገምጋሚ ሳይነቅፍ አያልፍም። ነቀፌታው ትክክል ነው፤ ሆኖም ከ46 በመቶ ገደማ ወደ 15 በመቶ የወረደ የሞት መጠን በዚያ ሆስፒታል ለተኙ ሰዎች ትርጉሙ ግልጽ ነበር።

ሦስት ዓመት ሳይታጠቡ የቆዩት ክፍሎች ጉዳይ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የሊስተር ክፍሎች በ1849 የኮሌራ ወረርሽኝ የሞቱ ሰዎች ሣጥኖች በተከማቹበት መቃብር አጠገብ ነበሩ። በብክል አየር እምነት መሠረት ከዚያ የከፋ ቦታ ሊኖር አይችልም። ሊስተር ሕንፃው ሳይቀየር፣ መቃብሩ ሳይነሣ፣ ግድግዳው ሳይታጠብ ሞት መቀነሱን ሲያሳይ ተቃዋሚዎቹ የቆሙበትን መሠረት አናጋው። ውጤቱ የተገኘው የቁስል ተሕዋስያን በዋናነት የሚገቡት በሐኪሙ እጅ፣ በመሣሪያው፣ በስፖንጁና በማሰሪያው በመሆኑ ነው፤ እነዚህን በካርቦሊክ አሲድ ሲነክራቸው ዋናው መንገድ ተዘጋ። የሆስፒታሉ አስተዳዳሪዎች ክፍሎቻቸው በአደባባይ እንዲህ በመገለጣቸው ተቆጥተው መልስ ጽፈዋል።

በእንስሳት ሆስፒታል ግን ከቁስል ውጭ ሌላ ትልቅ መንገድ አለ። በሆድ ቁርጠት የገባ ፈረስ ወይም በተቅማጥ የመጣ ጥጃ ሳልሞኔላን በፋንድያውና በእበቱ ይረጫል፤ ቀጥሎ እዚያው ክፍል የሚያድረው እንስሳ ወለሉን ይልሳል፣ ከተበከለ ገንዳ ይበላል፣ ይጠጣል። ታማሚው እጁን መታጠብ ወይም ማሰሪያውን ሳይነካ መተው አይችልም። በ2004 በአሜሪካ የፔንስልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የትላልቅ እንስሳት ሆስፒታል ብዙ መድኃኒቶችን የተላመደ ሳልሞኔላ ስለገባበት ለወራት ተዘግቶ ሕንፃው በስፋት መጽዳትና መታደስ ግድ ሆኖበታል። እዚያ ወለሉ፣ የፍሳሽ ቦዩ፣ የእንጨት በሩ ስንጥቅና የሙቀት መለኪያው ራሳቸው መንገዶች ናቸው። ግላስጎው ላይ ሳይታጠብ ያዳነ ክፍል በፈረስ ማደሪያ አምሳያ የለውም።

የሊስተር ኬሚካል ሌላም ገደብ አለው፤ ይህን ያሳየው የእንስሳት በሽታ ነው። በ1881 ሮበርት ኮህ የአባ ሰንጋን ስፖር በክር ላይ አድርቆ የተለያዩ ኬሚካሎችን ሲፈትን ካርቦሊክ አሲድ በስፖሩ ላይ ደካማ፣ በዘይት ወይም በአልኮል ሲበጠበጥ ደግሞ ጨርሶ ከንቱ መሆኑን አገኘ። ሊስተር ለዓመታት የተጠቀመበት አንዱ ዝግጅት የካርቦሊክ ዘይት ነበር። ከዚያ በኋላ ሊስተር ወደ ሜርኩሪ ውሕዶች አዘነበለ። አንድ ነገር እዚህ ላይ ማከል ተገቢ ነው፤ የድመት ጉበት ፌኖልን ከሰውነት ለማስወገድ የሚያስፈልገውን ኬሚካላዊ ሂደት በብቃት ስለማያከናውን፣ ፌኖል ያለባቸው ማጽጃዎች ድመት በሚያድርበት ክፍል መግባት የለባቸውም።

ሊስተር ዘዴውን በእንስሳትም ላይ ፈትኗል። በ1868 ገና ሰሞን በአባቱ ቤት በአፕተን፣ የእህቱ ልጅ ሪክማን ጎድሊ እየረዳው፣ የአንድ ጥጃ የአንገት ደም ቅዳ ከእንስሳ አንጀት በተሠራና በካርቦሊክ አሲድ በታከመ ክር አሰረ። ከሠላሳ ቀን በኋላ ጥጃው ታርዶ ሲመረመር ክሩ ባለበት ቦታ ሕያው ሥጋ ተተክቶ ነበር፤ መግልም አልነበረም። በዛሬው የእንስሳት ቀዶ ሕክምና ውስጥ ሰውነት ራሱ የሚያሟሟቸው ክሮች ታሪክ ከዚህ ጥጃ ጋር የተያያዘ ነው። በ1875 ንግሥት ቪክቶሪያ በሕያው እንስሳ ላይ የሚደረግ ሙከራን እንዲቃወም በጸሐፊዋ በኩል ስትጠይቀው፣ የግል ሐኪሟ ሆኖ ሳለ በትሕትና እምቢ አለ። ለእንስሳ የሚራራ ሰው ነበር፤ ነገር ግን ማደንዘዣ ተሰጥቶ የሚደረግ ሙከራን መከልከል ለእንስሳቱም ለሰውም አይበጅም ብሎ ያምን ነበር።

በኔ ግምት ለእኛ ሙያ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቅመው ሥራው ግን ከቀዶ ሕክምና ውጭ ያለው ነው። በ1869 የአማቱን የሳይምን ወንበር ተረክቦ ወደ ኤዲንብራ የተመለሰው ሊስተር፣ በ1877 ወደ ለንደን ኪንግስ ኮሌጅ በተዛወረበት ጊዜ አካባቢ ወተት ለምን እንደሚመር ይመረምር ነበር። ወተቱን እጅግ አቅጥኖ በልዩ መርፌ ጠብታ በጠብታ በመከፋፈል፣ አንድን የባክቴሪያ ዓይነት ከሌላው ለይቶ ለማሳደግ በቃ፤ ዛሬ ላክቶኮከስ ላክቲስ የሚባለው ነው። ከላም ቀጥታ በንጹሕ ዕቃ የታለበ ወተት ሌላ ሌላ ለውጥ ሲያሳይ፣ እንደ ወተት ማከማቻ ቤቱ ወተት ግን አልመረረም። ሊስተር ከዚህ የተረዳው ወተቱን የሚያመረው ባክቴሪያ በየትም የሚንሳፈፍ ሳይሆን ወተት ቤቱን መኖሪያው ያደረገ መሆኑን ነው። ተሕዋስያን በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ የሥራ ዓይነት፣ በተወሰኑ ዕቃዎች ላይ ነዋሪ ይሆናሉ ማለት ነው። ይህ ሐሳብ በ1870ው ጽሑፍ ውስጥ የለም፤ ቢኖር ኖሮ ስላልታጠቡት ክፍሎች በዚያ ልበ ሙሉነት ባልጻፈ ነበር።

ስለ አየርም ሐሳቡን ለውጧል። ከ1871 ጀምሮ በቀዶ ሕክምና ጊዜ አየሩን በካርቦሊክ ጭጋግ የሚሞላ መርጫ ይጠቀም ነበር፤ የሐኪሞቹ እጅ ይላጥ፣ ሳንባቸው ይቃጠል ነበር። በ1880ዎቹ መርጫውን ተወው፤ በ1890 በበርሊን በተደረገው ዓለም አቀፍ የሕክምና ጉባኤ ላይ በአየር ወለድ ተሕዋስያን ላይ ያን ያህል መጨነቁ እንዳሳፈረው በይፋ ተናገረ። በዝናው ጫፍ ላይ ያለ ሰው በሙያ ባልደረቦቹ ፊት እንዲህ ማለቱ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያው ጊዜ በጀርመን በርግማንና ተከታዮቹ መሣሪያና ጨርቅ በእንፋሎት ማምከን ጀምረው ነበር፤ በበርሚንግሃም ደግሞ ሎሰን ቴት የሊስተርን ትምህርት እየነቀፈ በሳሙናና በውኃ ንጽሕና ብቻ ጥሩ ውጤት ያገኝ ነበር። ሊስተር ራሱ ኮቱን አውልቆ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ደረቱ ላይ ፎጣ በመርፌ ቁልፍ አያይዞ ነበር የሚሠራው። የቴት ሳሙናና የሊስተር አሲድ እንደ ተቀናቃኝ መታየታቸው የዘመኑ ክርክር ያመጣው ጉዳት ነው።

ሁለቱ የአንድ ሥራ ፊተኛና ኋለኛ እርምጃዎች ናቸው። እበት፣ ደምና መግል ክሎሪንን ከባክቴሪያው ቀድመው ያዳክሙታል፤ ፌኖል ነክ ማጽጃዎች ከክሎሪን የተሻለ ቢቋቋሙም ከቆሻሻ ንጣፍ ሥር ያለውን አይደርሱበትም። ስለዚህ ጉዝጓዙ ይወጣል፣ ወለሉ በሳሙና ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ውኃው ይንጠፈጠፋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ኬሚካሉ በትክክለኛ መጠን ተበጥብጦ ለሚያስፈልገው ደቂቃ የሚቆየው። በተግባር ልምምድ ጊዜ በአንድ ክሊኒክ በር ላይ ያየሁት የእግር መንከሪያ እበት ሞልቶት ውኃው ጠቁሮ ነበር፤ የሚገባ የሚወጣው ሁሉ ቡቱን በታላቅ ጥንቃቄ ይነክርበት ነበር። እንዲህ ያለው መንከሪያ ተሕዋስያንን ከአንዱ ጫማ ወደ ሌላው ያሸጋግራል እንጂ አይገድልም።

የሊስተር የመጨረሻ ዓመታት የክብርና የብቸኝነት ናቸው። አግነስ በ1893 በጣሊያን ራፓሎ በጉዞ ላይ ሳሉ ሞተች፤ ከዚያ በኋላ የምርምር ሥራው አበቃ ማለት ይቻላል። ከ1895 እስከ 1900 የሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1897 ሎርድ ተባለ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1912 በዎልመር አረፈ። በዌስትሚንስተር አቢ ጸሎት ቢደረግለትም የተቀበረው በሃምስቴድ ከሚስቱ አጠገብ ነው።

ስሙ ከሞተ በኋላ ወደ እንስሳት ሕክምና ተመልሷል። በ1927 በደቡብ አፍሪካ ሃርቪ ፒሪ ከዱር አይጦች ያገኘውን ባክቴሪያ ለሊስተር መታሰቢያ ሊስተሬላ አለው፤ በ1940 ስያሜው ሊስቴሪያ ወደሚለው ተለወጠ። ይህ ባክቴሪያ በደንብ ያልመረረ ገፈራ የበሉ በጎችን አንጎል አቃጥሎ በአንድ አቅጣጫ ያዞራቸዋል። በጥሩ ገፈራ ውስጥ ግን የሚያፍኑት የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች፣ የሊስተር የወተት ባክቴሪያ ዘመዶች ናቸው። በማቀዝቀዣ ውስጥም ይራባል፤ በእርጥብ ወለልና በፍሳሽ ቦይ ውስጥ ቀጭን ሽፋን ሠርቶ ለዓመታት ይቆያል።